በጥያቄ ምልክት የተተኩ ስሞች

ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ ደሴ ወስደው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ አሠልጥነውኝ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማችንን ሐይቅን ይዘው የቆዩት ታጣቂዎች በወጡ ሰሞን የእርዳታ ኮሚቴው የስንዴ ተቀባዮችን ዝርዝር በኮምፒውተር እንዳዘጋጅ ጠራኝ፤ ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ።

ኮምፒውተሩ ከዝርፊያ የተረፈ አሮጌ ነበር፤ የፕሮግራም ቋንቋውም እንደ እሱው ያረጀ። በእንግሊዝኛ ፊደል ችግር የለበትም። የአማርኛ ስም ሲሰጡት ግን፣ ጽሑፉ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው በዩኒኮድ መሆኑን ከትምህርተ ጥቅሱ በፊት በአንዲት ምልክት ካልነገሩት፣ ስህተት ነው ብሎ ይቆማል። ምልክቷን በየቦታው መጨመር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ በር ላይ ቆሞ «አላለቀም?» ይለኛል። ሰለቸኝና በአንድ መስመር ትእዛዝ የኮምፒውተሩን አፍ ዘጋሁት፦ የማታውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተካው። ዝም አለልኝ።

ሰብሳቢው ስክሪኑን አየና «የአማርኛ ፎንት የለውም መሰል» አለ። «አዎ» አልሁ። ፊደላችን ሳይታይ ሲቀር እዚህ አገር ማን ይደነግጣል? ለምደነዋል። ማከፋፈሉ በካርድ ቁጥር ስለሆነ ስሙ ባይነበብም ግድ የለም ብለን፣ ሁለቴ የተመዘገበ እንዳይኖር ተደጋጋሚ ስሞችን እንዲሰርዝ ኮምፒውተሩን አዘዝሁትና አትሜ ሰጠሁ።

ለማሽኑ ግን ሦስት ፊደል ያለው ስም ሁሉ ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው። የራሳቸውና የአባታቸው ስም በፊደል ብዛት የገጠመ ሰዎች ሁሉ አንድ ሰው ሆኑ፤ አንዱን አስቀርቶ ሌሎቹን ሰረዘ።

ከተሰረዙት መካከል ጎረቤቴ ነበሩበት፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት። ከተማው በተያዘ ጊዜ ጓዳቸው ደብቀው ከልጆቹ ድርሻ ቆሎ እየቀነሱ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። ካርዳቸውን ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ሳለ ቁጥራቸው ሳይጠራ ስንዴው አለቀ። ሌላ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ዝርዝሩን የሠራሁት እኔ መሆኔን ያውቃሉና ባዶ ማዳበሪያቸውን አጣጥፈው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ወላሂ ተመዝግቤያለሁ። ማን ነው የሰረዘኝ?»

ዝርዝሩን ገልጬ ሳየው ሁሉም ገባኝ። አፈርሁ። ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «ኮምፒውተሩ ነው፣ እማማ» አልኋቸው።

ባዶ ማዳበሪያቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ።

«አንተስ የት ነበርህ?» አሉኝ።