በአስቴር ሻሽ ዓይኔን ታስሬ የቀመስኩት ቢራ

ባለፈው እሑድ አሰላ ሄጄ ነበር። ኃይሉና አስቴር የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሱ እኔንና ባለቤቴን ጠሩን። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ምሳችንን እንደጀመርን ትንሹ ልጃቸው ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ቢራ ምን ዓይነት ላምጣልዎት?» አለኝና ያለውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ዘረዘረልኝ። ግማሹን ስም ሰምቼው አላውቅም። ግራ ሲገባኝ «ያገኘኸውን አምጣልኝ» አልኩት።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ኃይሉ ይህን ሰምቶ ሳቀ። «ተወው ልጄ፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። በዚህ ከተማ ዓይኑን ታስሮ ቢራ የሚለይ ሰው ቢኖር አባትህ ነው!»

የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። መልሱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው በሰው ድግስ ላይ በቢራ ምክንያት አይጣላም። ግን ሞቷል ያልኩት ቅናት ብድግ አለ። ቀሪውን ምሳ የበላሁት ሐሳቤ ወደ ወጣትነቴ ዘመን ሄዶ ነው።

ያኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ አሰላ ግብርና ጽሕፈት ቤት ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም። ሥራዬ በየወረዳው እየዞሩ የገብስ ማሳ ማየት ነበር። ጠጪ አልነበርኩም። አንድ ቢራ ስጠጣ ጆሮዬ ይግላል፣ ሁለተኛውን ከደገምኩ እንቅልፌ ይመጣል። ቢሆንም እሑድ ከሰዓት እትዬ ወርቄ ቤት ሳልሄድ የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም። ቤቱ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ትንሽ ቡና ቤት ነው። የምሄደው ለቢራው አይደለም፤ ባንኮኒው ጀርባ ለምትቆመው ለልጃቸው ለአስቴር ነው። አስቴር ጠርሙስ በመክፈቻ አትከፍትም። የአንዱን ቆርኪ በሌላው ጠርሙስ አፍ ፈንጠር አድርጋ ታነሳውና ቆርኪው የት እንደወደቀ ሳታይ ወደ ሌላ ሥራ ትዞራለች። የወደቀበትን እኔ አይላት ነበር። አክስቴን ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ እንድትልክልኝ ለምኛታለሁ፣ እሷም እሺ ብላኛለች። ለራሷ ለአስቴር ግን ምንም አልነገርኳትም።

ስለ አሰላ አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ በሚያድርበት ወራት ያገሬ ሰው ቢራ ሲያዝ ከስሙ በፊት ሙቀቱን ይናገራል። «ከፍሪጅ» የሚለው ጎረምሳ ነው፣ አለዚያም ከናዝሬት የመጣ እንግዳ። አብዛኛው «ከመደርደሪያ» ይላል። ጉንፋን የያዘው ወይም ዕድሜው የገፋው ደግሞ «ከምድጃው ጎን» ብሎ ያዛል፤ ለሱ ተብሎ እትዬ ወርቄ ወጥ ቤት ውስጥ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ጠርሙሶች ይደረደሩ ነበር። አዲስ አበቤ ይህን ሲሰማ ይስቅብናል። ሐምሌ ላይ መጥቶ ይቅመስና ያኔ ይሳቅ።

ቢራው በዚያን ጊዜ ሦስት ዓይነት ብቻ ነበር። ለማንም ማስታወቂያ መሥራት ስለማልፈልግ በተለጠፈባቸው ወረቀት ቀለም ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ልበላቸው። እኛም ስናዝ እንዲሁ ነበር የምንጠራቸው።

አንድ ሐምሌ እሑድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከቤት መውጣት ሲያስጠላ፣ ኃይሉ ጉራውን ጀመረ። ኃይሉ አብሮ አደጌ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ አፉን ሲከፍት ሰው ገና ምን እንደሚል ሳያውቅ ይስቅለታል። እኔ ቁም ነገር ብናገርም ማንም ዘወር አይልም፣ እሱ ስለ አምፖል ቢያወራ ቤቱ ይደምቃል። በዚህ ብቻ ስንት ጊዜ እንደቀናሁበት እግዜር ነው የሚያውቀው። «እኔ ዓይኔን ታስሬ ሦስቱንም እለያለሁ» አለ። አስቴር ሰማያዊ ሻሿን ፈታችና ከኋላው ቆማ ዓይኑን አሰረችው። ቋጠሮውን ስታጠብቅ ጣቶቿ ጆሮው ላይ ትንሽ ቆዩ። ሌላው ሰው ብርጭቆዎቹን ነበር የሚያየው፤ ጣቶቿን ያየሁት እኔ ነኝ።

ኃይሉ ሦስቱንም ለየ። አንዱንም አልሳተም። ቤቱ አጨበጨበለት፣ አስቴር ትከሻውን በቡጢ መታችው። እኔም እልህ ይዞኝ «እሰሩኝ» አልኩ። ሻሹ የሷን የፀጉር ቅቤ ይሸት ስለነበር መሰለኝ ቢራው ምንም ምን አላለኝም። እንደመጣልኝ ጠራሁ፣ ሁሉንም ሳትኩ። አስቴር ሳቀች። ግን ለኃይሉ የሳቀችው ሳቅ አልነበረም፤ ለተንሸራተተ መንገደኛ የሚሳቅ ዓይነት ነው። ያን ቀን ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁና በስብሼ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ቢራ ማጥናት ያዝኩ። ማጥናት ነው የምለው፣ መጠጣት አልለውም። የቢሯችን ሹፌር ጀማል የአሰላ ልጅ ነው፤ መጠጥ በአፉ አልዞረም። ለመስክ ሥራ ስንወጣ በደረስንበት ሁሉ አንድ ቢራ አዝዤ በትንሹ እየተጎነጨሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ምላሴ ላይ እያንከባለልኩ እቀመጥ ነበር። ዲክሲስ ገብሱ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ እያየሁ፣ ገበሬው የሰጠንን ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የተቆላ ገብስ ነው፣ እየበላሁ ቢጫውን ደጋገምኩት። ቢጫው ከተዋጠ በኋላ ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት አለው። አቦምሳ ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ ቢራው ጠረጴዛ ላይ እያለ ይሞቃል። ለኔ ግን በጀኝ፤ ቀዩ ሲሞቅ ገና ከምድጃ የወጣ የዳቦ ቅርፊት እንደሚሸት ያወቅሁት እዚያ ነው። አረንጓዴው አስቸገረኝ። ውሃ መስሎ ያልፋል፤ ኦጎልቾ ጭቃውን እየረገጥኩ ስንት ቀን ከቀመስኩት በኋላ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ጣፈጥ እንደሚል የገባኝ።

ጀማል ለስላሳውን ይዞ ሲያየኝ ከርሞ አንድ ቀን አላስችል አለው።

«አቦ፣ ልትፈተን ነው እንዴ? ለማትሪክ እንኳ እንዲህ አላጠናህም።»

ነገርኩት። አስቴርን እንደምወዳት፣ ኃይሉን ፊቷ ካላሸነፍኩ ሰው እንደማልሆን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

«እና ለምን ዝም ብለህ አትነግራትም?»

«መጀመሪያ ልርታው፣ ከዚያ እነግራታለሁ።»

«ጋሪዳ» አለ፤ በኦሮምኛ ደግ ነው ማለቱ ነው። አነጋገሩ ግን ደግ ነው የሚል አልነበረም።

የመስቀል ሰሞን እሑድ፣ ኃይሉን እንደገና እንወዳደር ያልኩበት ቀን ደረሰ። ጀማል ስለማይጠጣ ዳኛ አደረግነው፤ አስቴር ባንኮኒው ላይ ትቀዳለች፣ እሱ እያመጣ ይሰጠናል። ኃይሉ ቀድሞ ታሰረ፤ እንደለመደው ሦስቱንም ጠራ። እኔ ተከተልኩ። ሻሹ ያው ሻሽ ነው፣ ሽታውም ያው ነው፤ አሁን ግን ምላሴ ሥራውን ያውቃል። «ቢጫው» አልኩ። «አረንጓዴው።» «ቀዩ።» ቤቱ ጮኸ! ሻሹን ከዓይኔ ላይ መንጭቄ መጀመሪያ ያየሁት አስቴርን ነው። ደስ አላላትም። ጠርሙሱን እንደያዘች ኃይሉን ነበር የምታየው።

እኩል ወጣን ተባለ። ጀማል ግን ራሱን አከከ።

«እኔ ቀማሽ አይደለሁም፣ እጄ ግን ደህና ነው» አለ። «የኃይሉ አንዱ ብርጭቆ በረዶ ነው፣ አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ ይሞቃል። የዚህኛው ሦስቱም በረዶ ነበሩ። ይሄ ዳኝነት አይሆንም። ሁሉም ከፍሪጅ ይምጣና እንደገና ይቀመስ።» ተንኮል ጠርጥሮ የተናገረ አይመስለኝም፤ ነገር እኩል ካልሆነ የማይወድ ሰው ስለነበር ነው። ራሱ ባንኮኒው ጀርባ ገባና ሦስቱንም ከፍሪጁ አውጥቶ ቀዳ።

ኃይሉ እንደገና ታሰረ። አንደኛውን ብርጭቆ እንደያዘ፣ ገና ከንፈሩ ሳይደርስ፣ «ቀዩ» አለ። ሁለተኛውን ያዘ። ቀመሰው፤ ደግሞ ቀመሰው። «ይሄም... ቀዩ» አለ። ሦስተኛውን ሲሰጡት ብርጭቆውን በሁለት እጁ አገላብጦ ዳሰሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀዩ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኔ ተራ ሲደርስ፣ ከዚያው ከቀዘቀዘው፣ ሦስቱንም እንደገና ለየሁ። ጀማል እጄን ይዞ ወደ ላይ አነሳው።

የገባኝ ያኔ ነው። አስቴር ቀዩን ከፍሪጅ፣ ቢጫውን ከመደርደሪያ፣ አረንጓዴውን ከምድጃው ጎን አድርጋ ስትቀዳለት ኖራለች። እሱ የሚያነበው በእጁ ነው። ኃይሉ ሻሹን ካንድ ዓይኑ ላይ ገለጥ አድርጎ ፈለጋት፤ እሷ አፏን በመዳፏ ሸፍናለች። ተያዩና ሁለቱም በሳቅ ተንፈራፈሩ። እንደተያዘ ሌባ የደነገጠ የለም፤ ቤቱ ውስጥ ከነሱ ሌላ ሰው ያለም አይመስላቸውም ነበር።

ቅናት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ካለ ያን ደቂቃ ልስጠው። ይህን ሊስማሙ የት ተቀምጠው ተነጋገሩ? ምን ምን እየተባባሉ? እኔ ዲክሲስ ነፋስ ላይ ቆሜ ምሬት ስፈልግ እነሱ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ጥግ? አስቴር መጣችና ሻሿን ከእጄ ላይ ወሰደች። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። ከዚያ በፊት ወንድምዓለም ብላኝ አታውቅም። በማግስቱ አክስቴ ጋ ሄጄ ሽማግሌው ይቅር አልኳት። ጥር ላይ ሲጋቡ አንደኛ ሚዜ እኔ ነበርኩ።

እና እሑድ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ፣ ምሳው ተነስቶ ኃይሉ ጉራውን ሲደግም፣ አልቻልኩም። «ልጆች፣ አባታችሁ አልነገራችሁም እንጂ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ታሪኩን ከነብርጭቆው ሙቀት አወራሁላቸው። ልጆቹ በሳቅ እየተንከባለሉ ወደ እናታቸው ዞሩ። «እማዬ፣ እውነት ነው?»

አስቴር የልጅ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። ፀጉሯ ነጥቷል። ዓይኔን ቀጥ አድርጋ አየችኝና «ኧረ ምኑን!» አለች። «ኃይልዬ ነው ያሸነፈው። ይሄ አጎታችሁ አንዱንም አላወቀም።»

ኃይሉ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ፈገግ አለ። ምስክር ፈለግሁ። ጀማል፣ አላህ ይዘንለት፣ ካረፈ ቆይቷል። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ያልነገርኳት ነገር የለም፤ ይህን ታሪክ ከኔ እኩል ታውቀዋለች። «ንገሪያቸው እንጂ» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ረጋ ብላ፣ «በቦታው አልነበርኩም።»

እውነቷን ነው። ባለቤቴ ሐቀኛ ሴት ናት፤ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ለማንም ብላ ሐሰት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አስቴር ግን ሽማግሌ ባሏ በልጆቹ ፊት እንዳያፍር ብላ ዛሬም ትዋሽለታለች። ብርጭቆዬን አንስቼ ተጎነጨሁ፤ የትኛው ቢራ እንደሆነም ልብ አላልኩትም። አርጅቼም እንዲህ ቀናሁበት።