ለጥምቀት የተቆለፈ ጫማ

የአዲስ ቆዳ ጫማ ሽታ በአፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር ማክሰኝት ያለው ቤታችንና የእናቴ የእንጨት ሣጥን ትዝ ይሉኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ በመስከረም ገበያ ቀይ ጫማ ገዛችልኝ። ከፍ ያለ ቁጥር ፈልጋ ነበር፤ ነጋዴው ግን በልኬ ያለው አንድ ብቻ ነበረው፣ እኔም እያለቀስሁ ከእጄ አልለቅም አልሁ። ቤት እንደ ገባን ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው።

«ለጥምቀት ነው» አለች። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል አልሰማሽም?»

ታኅሣሥ ላይ፣ በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን፣ ግጥም እንዳነብ ተመረጥሁ። ጫማውን እንድትሰጠኝ ሦስት ቀን ሙሉ ለመንኋት። ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ አፈር ሳላስነካው እመልሳለሁ ብዬ ማልሁ። እምቢ አለች። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበልኝ፤ እኔ ግን ግጥሙን ያነበብሁት የተቀደደውን የቀኝ ላስቲክ ጫማዬን በግራ እግሬ ለመሸፈን እየታገልሁ ነበር።

የከተራ ዕለት ጠዋት ሣጥኑ ተከፈተ። ጫማው እንደ ተገዛ ያበራል። እግሬ ግን አልገባም። እናቴ ተረከዜን ሳሙና ቀባችው። «ጣትሽን እጠፊው እንጂ!» እያለች ትገፋለች፤ እኔ እጮሃለሁ። በዚህ መሃል የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ደምሴ፣ አብረውን ሊሄዱ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አዩን።

«ጫማውንስ ቆልፈሽዋል፤ እግሯን ማን ቆለፈልሽ?»

«ይተዉኝ እስቲ፣ አያ ደምሴ!» አለች እናቴ። ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምነው ታለቅሻለሽ? ልጂቱ አደገች ማለት እኮ ነው። ሸጋ ነገር ነው።»

አሮጌውን ጫማዬን በአመድ ፈትጋ አጥባ አጠለቀችልኝ። እንዳኮረፍሁ ሄድሁ። ታቦቱ ወጥቶ እልልታው ሲቀልጥ ግን ኩርፊያዬን ረሳሁት። የጫማዬ ማሰሪያ እስኪበጠስ ጨፈርሁ፤ ከዚያም በባዶ እግሬ ጨፈርሁ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መምህራችን ስለ ጥንት ሮማውያን ገጣሚዎች ሲያስተምሩ፣ ነገን አትመኑ፣ የዛሬዋን ቀን ሳታመልጣችሁ ኑሩባት፣ ባላችሁ ተደሰቱ እያሉ ይመክሩ እንደ ነበር ነገሩን። «ከሕይወቱ ምሳሌ ያለው?» ሲሉ እጄን አወጣሁና የጫማዬን ነገር ተረክሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ «እናትሽ እነዚህን ሰዎች ማንበብ ነበረባት!» አለኝ።

«አይደለም» አልሁት። እናቴ ጥምቀትን የጠበቀችው ዛሬን ንቃ አልነበረም። አዲስ ነገር በዓመት አንዴ በሚገባበት ቤት፣ ያቺ አንዲት ቀን ሙሉ እንድትሆንልኝ ፈልጋ ነው። ይህን እርግጠኛ ሆኜ እናገራለሁ።

ሮማውያኑም ልክ ናቸው። ዛሬ ዛሬ የገዛሁትን በዚያው ቀን እለብሳለሁ፤ የሚጠበኝም የለም። ብቻ ያኔ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ጥምቀት ስንት ቀን ቀረው እያልሁ በየማለዳው እናቴን እጠይቅ ነበር። አሁን እንደዚያ ቆጥሬ የምጠብቀው ቀን የለኝም።