አሥራ ሰባተኛው ቅጂ

ትርሓስ ካዛንቺስ ውስጥ ባለች አንዲት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ስትተይብ የኖረች ሴት ናት። በታይፕራይተር ጀምራ በኮምፒውተር ቀጠለች። የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍቺ ውል፣ ሁሉም በእጇ አልፏል። ያነበበችውን ለማንም አታወራም፤ በዚህም ትኮራ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጽጌሬዳ የምትባል ተመራማሪ ፍላሽ ይዛ መጣች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በፌስቡክ ምን እንደሚማሩና ከቤተሰብ ምን እንደሚደብቁ ታጠናለች። ከሃያ አራት የቂርቆስ ልጆች ጋር ያደረገችው ቃለ መጠይቅ ተቀድቷል። የትርሓስ ሥራ እያዳመጡ መጻፍ ነው። በስም ፋንታ ቁጥር ብቻ ይጻፋል።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ" አለች ጽጌሬዳ የስምምነቱን ወረቀት እያስፈረመቻት። "ድምፁን የሚያውቁት ልጅ ካጋጠመዎት እዚያው ያቁሙና ይደውሉልኝ። ሌላ ሰው ይጽፈዋል።"

"ምን ችግር አለው" ብላ ፈረመች።

አሥራ ስድስቱን በሰላም ጨረሰች። አሥራ ሰባተኛውን ስትከፍት በማዳመጫው የመጣው የገዛ ልጇ የመርሃዊት ድምፅ ነበር። ያኔ ነው ትዝ ያላት፦ በጥር ወር መርሃዊት "ለትምህርት ቤት ነው፣ ፈርሚልኝ" ብላ ያመጣችውን ወረቀት ሽንኩርት እየከተፈች ሳታነበው ፈርማለች፤ ለካ የጥናቱ የወላጅ ፈቃድ ኖሯል።

እጇ ማቆሚያው ላይ አረፈ፤ ግን አልተጫነችውም።

"በቃ የፊዚክስ ግሩፕ አለን" ትላለች መርሃዊት፣ እቤት ተሰምቶ በማያውቅ ዘና ያለ ድምፅ። "ደሴ የሚኖር ጀሚል የሚባል ልጅ አለ፤ ማለቴ፣ በአካል አይቼው አላውቅም። ጥያቄ ስልክለት ሠርቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ቲቸር ስታስረዳ ያልገባኝ በእሱ ነው የገባኝ።"

"ቤተሰብ ያውቃል?" ጽጌሬዳ ናት።

"ኧረ! ካሚላ ብቻ ናት የምታውቀው። ለእማዬ ብነግራት ፊዚክሱን አትሰማም፤ ወንድ የሚለውን ብቻ ነው የምትሰማው።"

ትርሓስም የሰማችው እሱኑ ነው። ቅጂውን እስከ መጨረሻው ጻፈችው፤ ለጽጌሬዳ አልደወለችም። ማታ መርሃዊት ደብተሯን ዘርግታ ሳለች ፊቷ ቆመች።

"ስልክሽን አምጪ። ጀሚል ማነው?"

ልጅቷ ደነገጠች። "ማን ነገረሽ?"

ትርሓስ መልስ ሳትሰጥ ስልኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። መርሃዊት ግን መልሱን በራሷ አገኘች፤ ቤተሰብሽ አይሰማም ካለቻት ተመራማሪ ሌላ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ካሚላ የግቢያቸው ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ቤት አብረው ነው የሚሄዱት። በማግስቱ ግን መርሃዊት ብቻዋን ወጣች። ሳምንት ሲሞላ ካሚላ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ሱቁ ድረስ መጣች።

"እትዬ ትርሓስ፣ መርሃዊት ነገርሽብኝ ብላ ዘጋችኝ። እኔ ምንም አልነገርኩዎትም አይደል? በአላህ ይንገሩልኝ።"

ትርሓስ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ "እኔ በልጆች ጠብ አልገባም። ራሳችሁ ታረቁ" አለች።

ካሚላ ትንሽ ቆማ ወጣች። ትርሓስ አንዱን መስመር ሦስቴ እንደጻፈችው ያየችው ከቆየ በኋላ ነው።

ሚያዝያ ላይ የካሚላ ቤተሰብ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ዕቃቸውን ጫኑ። መርሃዊት በሯን ዘግታ ቀረች። የካሚላ እናት ዘሃራ ልትሰናበት መጥታ ትርሓስን አቀፈቻት።

"ልጆቹን ምን እንዳገኛቸው እንጃ። ልጄ ማታ ማታ ታለቅሳለች፤ ብጠይቃት አትነግረኝም።"

"የልጅ ነገር" አለች ትርሓስ። ይህን ብላ እራት መብላት አልቻለችም። በማግስቱም አልቻለችም።

በሦስተኛው ቀን ለጽጌሬዳ ደውላ ሁሉንም ነገረቻት።

"ቤተሰብሽ አይሰማም ብዬ ነው ያስወራኋት" አለች ጽጌሬዳ። "ቃለ መጠይቁን ከጥናቱ አወጣዋለሁ። ለእሷ ግን እርስዎ ይንገሯት። ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ፤ የማወቅ መብት አላት።"

የዚያኑ ቀን ትርሓስ ለልጇ ነገረቻት። መርሃዊት አላለቀሰችም።

"ስለ አንቺ ያልኩትንም ሰምተሻል?"

"አዎ። እውነትሽን ነው።"

"ካሚላን በክፍል ልጆች ፊት ምን ብዬ እንደሰደብኳት ታውቂያለሽ?" ነገረቻት። ስድቡ እናቲቱን እንደ ጥፊ መታት።

እሑድ አብረው ጀሞ ሄዱ። ካሚላ በሩን ስትከፍት ትርሓስ ደረጃው ላይ እንደቆመች "ጥፋቱ የእኔ ነው። ሱቅ መጥተሽ ስትለምኚኝም ደበቅኩ" አለቻት።

"ያን ቀን ገብቶኝ ነበር" አለች ካሚላ። "ቀና ብለው አላዩኝም። ለመርሃዊት ያልነገርኳት አታምነኝም ብዬ ነው።"

ዘሃራ ምሳ አቀረበችላቸው። ልጆቹ ጓዳ ገብተው ሲያወሩ ቆዩ፤ ሳቅ ግን አልተሰማም። ከዚያ በኋላ በበዓል በበዓል ይደዋወላሉ። መርሃዊት የዓመቱን መጨረሻ ፈተና አለፈች፤ በፊዚክስ ያገኘችው ግን ዝቅተኛ ውጤት ነበር። ስልኩ ሲመለስላት ግሩፑን ብትፈልገው ተበትኗል።

ትርሓስ ከዚያ ወዲህ የድምፅ ቅጂ ተቀብላ አታውቅም። መርሃዊት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ለእረፍት ስትመጣ ስልኳ ከጮኸ ተነስታ ወደ ግቢው ትወጣለች። እናቷም የምታወራውን ላለመስማት ሬዲዮውን ከፍ ታደርገዋለች።