ለአንድ ልብ ሦስት ሕክምና፦ ከደብረ ኤልያስ እስከ ደብረ ማርቆስ

ግንቦት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከደብረ ኤልያስ የተነሳሁት ደብረ ማርቆስ ካለችው ሐኪሜ ጋር ለልቤ ሕክምና ልመርጥለት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሂሳብ አስተምራለሁ። የልቤ ሁለት የደም ሥሮች ጠበዋል። አባቴ በአርባ ሁለት ዓመቱ በሬ ጠምዶ ሳለ ደረቱን ይዞ ወደቀ፤ አልተነሳም። ስለዚህ ፈርቻለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት የንስሐ አባቴ ቄስ ሙሉ ናቸው፤ ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው። የታረሰው መሬት ዝናብ ይጠብቃል፣ መንገዱ ያንገጫግጫል፣ እኔ ደብተሬ ላይ ለእንክብል፣ ለስቴንትና ለቀዶ ጥገና ነጥብ እሰጣለሁ። የመምህር አመል ነው። እንክብል ዜሮ አገኘ።

"ምነው ጨከንህበት?" አሉ ቄስ ሙሉ።

"ዓመት ሙሉ ውጬው አልሠራም፣ አባ። ሁዳዴን ደረቴን ሲጨንቀኝ ከረመ። ደግሞ በጾም ቀን የጠዋቱን እንክብል አንዴም አልቀመስኩም!" በኩራት ነበር ያልኩት።

"ረቡዕና ዓርብንም?"

"እንዴታ!"

ዞረው አፈጠጡብኝ። "መድኃኒት ጾም ይገድፋል ያለህ ማን ነው? እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ለሐኪሟ ካልነገርካት እኔው ገብቼ እነግራታለሁ!"

ረፋድ፣ ደብረ ማርቆስ

እሳቸው በር ላይ ቆመው እኔ ተናዘዝኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"መምህር፣ አልሠራም ስላሉኝ ለስቴንት ልልክዎት ነበር። ስቴንት የጠበበውን ሥር የሚከፍት ትንሽ የሽቦ ቱቦ ነው፤ የደረት ሕመሙን ያቀላል። ግን ከገባ በኋላ የደም ማቅጠኛውን ከዘለሉ ሊደፈን ይችላል። ቀዶ ጥገናው ለደሙ አዲስ መተላለፊያ ይሠራል፤ በአብዛኛው የግራው ዋና ሥር ወይም ሦስቱም ትልልቅ የልብ ሥሮች ሲጠቡ ነው የምንመርጠው፤ የእርስዎ እዚያ አልደረሰም። እንክብል ደግሞ የትኛውንም ቢመርጡ አይቀርም፤ ዕድሜ ልክ ነው። እርስዎ ገና በወጉ አልሞከሩትም።"

ሁለት ወር ሰጠችኝ። ቁጭ ባልኩበት ከጨነቀኝ ግን ሳላድር እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ።

ምሳ ላይ በሐኪሟ ትእዛዝ ሽሮዬ ያለ ቅቤ መጣ። ቄስ ሙሉ ቅቤ የጠገበ ጥብሳቸውን እየጎረሱ፣ "ያንተንም ድርሻ እኔ እችልልሃለሁ" አሉኝ። የሳቅኩት ግን ከሐፍረት ጋር ነው፤ በገዛ አጉል ጀግንነቴ ልቤ ውስጥ ሽቦ ላስገባ ምን ቀረኝ?

ሐምሌ፣ ያው መንገድ

በሐዋርያት ጾም አንድም እንክብል አላጓደልኩም። ቄስ ሙሉ ከቅዳሴ ሲወጡ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ዋጥህ?" ይሉኝ ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ሚኒባሱን ገፋን። ገፍቼ ስጨርስ እጄን ደረቴ ላይ አኖርኩ። ምንም የለም!

ሐኪሟ መሮጫ ማሽን ላይ አወጣችኝ። ፍጥነቱን ጨመረች፤ አቀበት አደረገችው። ላቤ ተንጠፈጠፈ እንጂ ደረቴ ዝም አለ። የልብ ምቴ የተመዘገበበትን ወረቀት ደጋግማ አይታ፣ "ለአሁኑ ስቴንትም ቀዶ ጥገናም አያስፈልግዎትም፤ በዚሁ ይቀጥሉ" አለችኝ። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ ሕክምናን ከሕክምና ከማወዳደር በፊት ለሐኪም እውነቱን መናገር እንደሚቀድም ነው።

ማምሻው ላይ ደብረ ኤልያስ ገባሁ። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማለች። "ደረትህን ሊቀድዱት ነው?" አለች።

"አይቀድዱትም! እንክብሉ ሠርቷል!"

እልልታዋን አቀለጠችው። የጎረቤት ሴቶች፣ "ማን ተገላገለ?" እያሉ በጭቃው ተሯሩጠው መጡ። ባለቤቴ እጄን ይዛ ወደ ፊት ሳበችኝና፣ "ይኸው!" አለቻቸው።