ሃሊማ የሸሸገቻት እሜቴ

የሃሊማ ደጃፍ ተዘግቶ አያውቅም ነበር። በቡታጅራ ዳርቻ፣ ከገበያው ቁልቁል ባለው መንደር፣ እንሰት የሚፋቅበት ወቅት ሲደርስ ሴቶቹ የሚሰበሰቡት እሷ ጓሮ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህም ቢሆን መንገደኛ ቆጮዋን ሳይቀምስ አያልፍም። ጣሊያን በገባ በዓመቱ፣ በክረምቱ፣ ያ ደጅ ተዘጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃሊማ የምትኖርበት መሬት የያረጋል ነበር፤ ከሰሜን መጥቶ መሬት የተሰጠው መልከኛ። ጣሊያን ሲመጣ ያረጋል ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። የጣሊያኑ ሹም ጭሰኞቹን ሰብስቦ "ከእንግዲህ መሬቱ የእናንተ ነው" አላቸው፤ አያይዞም የአርበኛ ቤተሰብ የደበቀ ከነቤቱ እንደሚቃጠል አስለፈፈ። በማግስቱ ማለዳ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ የያረጋል ሚስት ወይዘሮ ዓለምዘውድ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ሃሊማ በር ላይ ቆመች።

"ሌላ የምሄድበት የለኝም" አለች።

የሃሊማ ባል ታሞ በተኛበት ዓመት፣ ግብር ጎደለ ብላ በሬያቸውን ከቀንበር አስፈትታ ያስነዳችው ይህችው ሴት ናት። ባልየው ዓመቱን አልጨረሰም። ሃሊማ ዓይኗን ወደ ጎረቤት ደጅ ጣል አደረገች። ማንም የለም።

"ይግቡ እሜቴ፣ ዝናብ ነው" አለች።

እዚያው ቤት ውስጥ ካለው የላሞቹ ጋጣ ኋላ፣ ደረቅ የእንሰት ቅጠል በሚከመርበት ጥግ፣ ሸምበቆ ጋርዳ ሸሸገቻት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የታሰሩት ሁለቱም ናቸው። ዓለምዘውድ ሳል ሲመጣባት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትጎስራለች። ሃሊማ ደግሞ ከቤት መራቅ አትችል፣ ሰው ማስገባት አትችል። ሴቶቹ ለእንሰቱ ሥራ ሲመጡ "ዘንድሮስ ብቻዬን እፍቃለሁ" ብላ ከደጅ መለሰቻቸው።

"ምን አደረግንሽ?" አለቻት ጎረቤቷ አሚኔ።

"ምንም።"

አሚኔ መፋቂያዋን አንስታ ሄደች።

መከልከል የማትችለው አንድ ሰው ነበር፤ ከድሮ የሚባል የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም። ለጣሊያን አድሮ ባንዳ ሆኗል። አመሻሽ ላይ እየመጣ ምድጃው ዳር ይቀመጣል፤ እሷም ታበላዋለች። ከሸምበቆው ማዶ ዓለምዘውድ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች።

አንድ ቀን በቅሎ እየሳበ መጣ።

"ሹሙ ነው የሰጠኝ። የእኔ ቤት ጠቧል፤ አንቺ ጋጣ ትደር።"

ከድሮ ልጓሙን ይዞ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አግብቷል።

"ተው ከድሮ! ላሞቹን አባ ሰንጋ ይዟቸዋል።"

ባለበት ቆመ። "መቼ?"

"ጥቁሯ ሣር ከተወች ቆየች። በቅሎዋ ብትሞትብህ ሹሙ ምን ይልሃል?"

ከድሮ በቅሎዋን ጎትቶ በመጣበት ተመለሰ፤ ወሬውን ግን መንደሩን አዳረሰው። ከዚያ ወዲያ ቅቤዋን የሚገዛ ጠፋ። ላሞቿ ከመንደሩ የጋራ ግጦሽ ተባረሩ። ሰላምታውም ከአጥር ማዶ ሆነ። "አላህ ንፍገቷን አይቶ ነው" ሲባል በገዛ ጆሮዋ ሰማች። ንፉግ! በሬው ሲነዳ ያላለቀሰችውን ያን ቀን ጋጣው ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ዓለምዘውድ ሰማቻት። "ሃሊማ፣ ሄጄ እጄን ልስጥ። በእኔ ምክንያት ለምን ትጠፊያለሽ? ያን በሬ እንኳ..."

"በሬዬን አልረሳሁም፣ እሜቴ። ይቅርም አላልኩ።" ሃሊማ ፊቷን ጠረገች። "አንድ ቀን ሽማግሌ ፊት አቆምዎታለሁ። የተሰቀለ ሰው ሽማግሌ ፊት አይቆምም። የእኔን ዳኝነት ለጣሊያን አልሰጥም።"

ዓለምዘውድ፣ "ሽማግሌ ፊት አልክድሽም" አለች።

ክረምቱ ሲወጣ ሃሊማ የራሷን ልብስ አለበሰቻት፣ በሻሽ ሸፈነቻት፣ የቆጮ ሸክም በጀርባዋ አሰረችላትና ከገበያተኛው ጋር ወደ እንሴኖ ወጡ። ከዚያ ቆሼ፣ የሃሊማ እህት ቤት ልታደርሳት ነው። ወንዙ ጋ ባንዶች ሰው እያስቆሙ ነው። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ከኋላ ሰው ይገፋል። በዚህ መሐል አሚኔ ደረሰችባቸው። ከሻሹ ሥር ያለውን ፊት አየች፣ ሃሊማንም አየች። ዓለምዘውድን በሌላ በኩል ክንዷን ያዘችና ስለ ጨው መወደድ ጮክ ብላ ማውራት ጀመረች። ሦስት ሴቶች ጨው እያማረሩ ባንዶቹን አልፈው ወንዙን ተሻገሩ።

ሽቅቡ ላይ ሲደርሱ አሚኔ፣ "ይህን ሁሉ ብቻሽን? እኛ ምንሽ ነን ታዲያ?" አለቻት። ተቆጥታ ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ ከድሮ አገር ጥሎ ጠፋ። ያረጋል ከጫካው አልተመለሰም። ዓለምዘውድ ግን መጣች፤ ሃሊማም እንዳለችው ከሰሰቻት። ዓለምዘውድ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ "አዎ፣ ያለ ፍርድ ወስጄባታለሁ" አለች። በሬ ከነጊደር ተፈረደባት፤ ሳትከራከር ከፈለች። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሲላቀሱ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

የመሬቱን ነገር ያን ቀን ያነሳ ሰው አልነበረም። መሬቱ ለዓለምዘውድ ተመለሰ፤ ሃሊማም በመጪው መኸር ግብሯን ተሸክማ ወደ እሜቴ ቤት ወጣች።