የአክስቴን የመድን ካርድ ለማስመለስ ወደ አርቦዬ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአሰላ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በራሴ ሜትር ያልለካሁትን አላምንም። ወደ አርቦዬ የተነሳሁት ያሳደጉኝን አክስቴን፣ ወይዘሮ ዘይነባን፣ ለሕክምና አሰላ ለማምጣት ነው። የአርቦዬ ጤና ጣቢያ ሪፈር ጽፎላቸዋል። ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። የጤና መድን ካርዳቸው ያለው ጎረቤታቸው ጫልቱ እጅ ነው፤ በየዓመቱ የምታሳድስላቸውም እሷ ናት። የሰው ካርድ ምን ያደርግላታል? እናቷን ታሳክምበት ይሆናል እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜያለሁ።

መናኸሪያ ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀኝ። "ዕቃሽ ከባድ ነው" አለኝ፤ የያዝኩት አንድ ፌስታል ነው። ኢተያን ስናልፍ ስንዴው ታጭዶ ሜዳው ገለባ ብቻ ሆኗል። መንገድ ዳር ገበሬዎች ከኮምባይነር ባለቤት ጋር ይጨቃጨቃሉ። ምን እንደሆነ ሳልሰማ ለገበሬዎቹ ፈረድኩ። አርቦዬ ስንደርስ ሻሼ በአቧራ ቀለሙን ቀይሮ ነበር።

አርቦዬ

አክስቴ ጋቢ ተጠቅልለው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው ገባ ብሏል።

"ምነው ከሱ?" አልኳቸው።

"ጥርሴን አሞኝ ነው ልጄ። ምግብ አልስማማ አለኝ።"

ጥርጣሬዬ ወዲያው ጫልቱ ላይ አረፈ። የምልከውን ዱቄትና ዘይት ማን እየበላው ነው? ጫልቱም በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ በሳህን ይዛ ገባች። "አካም ጅርታ፣ እህቴ?" ብላ ሳመችኝ። ካርዱን ስጠይቃት ቤቷ ሄዳ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አመጣች። መታደሱንስ ታድሷል፤ ፎቶውን ግን ደጋግሜ አየሁት። ጉንጫ ሙሉ፣ አንገተ ወፍራም ሴት ናት፤ ከፊቷ በታች ዓይኔ አልወረደም።

"ይህ የአክስቴ ፎቶ ነው?"

"የማን ይሁን ታዲያ?" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

"ነገ እኔም አብሬያችሁ ልምጣ። የአዴን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው" አለች፤ አክስቴን አዴ ነው የምትላቸው።

"ያሳደጉት እኔን ነው" አልኳት። ጭኮውን ለመንገድ ቋጠረችልን።

ረቡዕ፣ አሰላ ሆስፒታል

መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ካርዱን አየ፣ አክስቴን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፎቶው የእርስዎ አይመስልም። የሰው ካርድ ይዘው የሚመጡ አሉ።"

ካርዱ ካልሠራ አክስቴ የእኔን ገንዘብ አያስወጡም፤ ሳይታከሙ ነው የሚመለሱት።

"ጫልቱ ናት! የእናቷን ፎቶ ለጥፋበት ነው" አልኩ።

አክስቴ ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺም አላወቅሽኝም?" አሉ።

ከዚያ ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከሥሩ የለበሱት ፎቶው ላይ ያለውን አበባማ ቀሚስ ነው፤ ለአረፋ እኔው ለክቼ የሰፋሁላቸው። ዘወር አሉ። ጀርባው ከላይ እስከ ወገብ እየታጠፈ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

"እየሰፋኝ ቢያስቸግረኝ ጫልቱ ናት ያጠበበችልኝ" አሉ።

ሠራተኛው ፎቶውን ከቀሚሱ ጋር አስተያየና "ይግቡ እናቴ" አለ። ስፌቴን ወዲያው ለይቼዋለሁ፤ አክስቴን አልለየኋቸውም።

ሐኪሟ መክሳት የጀመሩት መቼ እንደሆነ ጠየቀች። አክስቴ "አሁን በቅርብ ነው" ሲሏት አላመነቻቸውም፤ ወደ እኔ ዞረች። በስልክ "ደህና ነኝ" ሲሉኝ፣ በዕድሜዬ ሳልጠረጥር ያመንኩት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው። ኮሪደር ወጥቼ ለጫልቱ ደወልኩና ስልኩን ለሐኪሟ ሰጠኋት። ጫልቱ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ነገረቻት።

ቤት

አክስቴን ሆስፒታል አስተኟቸው፤ ምርመራው ገና ነው። እኔም ቀሚሳቸውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። የማይበላኝን ሳክ መክረሜን ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው። ቀሚሱን በልካቸው ላጠብበው የስፌት መኪናዬ ላይ ዘረጋሁት፤ ግን ልካቸውን አላውቅም። ነገ ጫልቱ ትመጣለች፤ እሷን እጠይቃለሁ። ካርዱንም ለእሷ እመልሳለሁ።