እስከ ደጃፉ ድረስ

ቄስ ወልደ ሥላሴን እግራቸው ከከዳቸው ቆየ። ስኳሩ ነው። መጀመሪያ ጣቶቻቸው ደነዘዙ፣ ቀጥሎ ተረከዛቸው፤ ኋላማ ከማንኩሳ ገበያ ሲመለሱ አንዱ ጫማቸው መንገድ ላይ ወልቆ ሳያውቁት ቤት ደረሱ። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። የሚያስፈራቸው ሌላ ነበር፤ ሥጋ ወደሙን ይዘው ቢወድቁስ? ስለዚህ ለጠየቃቸው ሁሉ «ወገቤን ነው» እያሉ መቀደሱን ተዉት።

በ2007 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም የመጡ አጥኚዎች ጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ስስ ንጣፍና ባት ላይ የምትታሰር መቀነት ሰጧቸው። ንጣፉ መሬት ሲነካ መቀነቷ ባታቸውን ንዝር ታደርገዋለች። እግር ያጣውን ባት ይነግራቸዋል ማለት ነው። ግቢውን አንዴ ዞሩና አብራቸው ያለችውን ነርስ «ያምሮት ልጄ፣ መሬት አለ እኮ!» አሉ።

«አባ፣ የሚሠራው ከጫማው ጋር ነው፤ ቤት ውስጥም እንዳያወልቁ» አለች ነርሷ።

«ሙሴን አውልቅ ያለውን ጌታ ምን ልበለው?»

ያምሮት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። መቅደስ በጫማ እንደማይገባ ሕፃን ያውቃል፤ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ብቻ አላወቁም። ምስኪኑ ቄስ ግን፣ መንገድ ላይ የለመደ እግር መቅደስ ሲገባ ራሱ ያስታውሳል ብለው ተስፋ አደረጉ።

ለኅዳር ሚካኤል ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያለ ምርኩዝ ሄዱ። ሚስታቸው ሀብትነሽ ከኋላ ሆና እልል ልትል ምንም አልቀራት። ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ መቀነቷ ዝም አለች። ገብተው ቀደሱ፤ አልወደቁም። ከጽናው የወደቀ ፍም ግን ረግጠው፣ እሱው ላይ ቆመው ወንጌል አነበቡ። መጀመሪያ የሸተተው ዲያቆኑን ነበር።

ቁስሉ እምቢ አለ። የስኳር ቁስል መች ይሽራል! ቁስሉ የሚፈሰው ሰው ደግሞ መቅደስ አይገባም፤ ይህን ለሌላው ሲያስተምሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ያ ሁሉ ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

አሁን ቅዳሴውን ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። እዚያ ጫማ አውልቁ የሚላቸው የለም። ባለፈው እሑድ ሀብትነሽ፣ መቀነቷ ባትሪ ጨርሳለችና ማንኩሳ ወስጄ ላስሞላት ወይ አለቻቸው።

«ተያት» አሉ። «እሷ የማታውቀው ቦታ ነበር የምሄደው።»